አዲሱን ሸክላ ያስናቀው አሮጌ ሸክላ

የጃፓን የቦንሳይ ሸክላ ሠሪዎች ከራሳቸው የትናንት ምርት ጋር ገበያ ገጥመዋል

በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር፣ ኮኩፉ የተሰኘው ታላቁ የቦንሳይ ኤግዚቢሽን ቶኪዮ ከተማ ኡኤኖ ውስጥ በሚከፈትበት ሰሞን፣ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ኡኤኖ ግሪን ክለብ በተባለው ሕንጻ ሌላ ገበያ ይደራል። ኤግዚቢሽኑ ለዓይን ነው፤ ይኼኛው ለኪስ ነው። ዛፍ ይሸጣል፣ መቁረጫ መቀስ ይሸጣል፣ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ይሸጣል፣ ባዶ ሸክላም ይሸጣል። ሸክላ ወደተደረደረበት መደብ የሚጠጋ ገዢ የመጀመሪያ ሥራው ዕቃውን አንስቶ መገልበጥ ነው። ፊቱን ሳይሆን መቀመጫውን ያያል። ከሥሩ የተመታው ማኅተም የማን እንደሆነ፣ እግሮቹ በእጅ የተቆረጡ ወይስ በፎርማ የወጡ መሆናቸውን፣ ጠርዙ ላይ የጸጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ይመረምራል። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚጠየቀው።

ምርመራው ያለ ምክንያት አይደለም። ልካቸውና መልካቸው አንድ የሆኑ፣ ማኅተማቸውም የአንድ ሰው የሆነ ሁለት ሸክላዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ብዙ ጊዜ በርካሹ የሚሸጠው ባለፈው ወር ከምድጃ የወጣው ነው። ውዱ፣ አርባ ዓመት አፈርና ውኃ ተሸክሞ የኖረው ነው። መኪናም ሆነ ማቀዝቀዣ፣ አልጋም ሆነ ልብስ ካገለገለ ዋጋው ይወርዳል። ያገለገለ ጥሩ የቦንሳይ ሸክላ ግን፣ እስካልተሰበረ ድረስ፣ ዋጋው ይወጣል። ይህ ለነጋዴው ሠርግና ምላሽ ነው። ለሠሪው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እርሱ አሮጌ ሸክላ መሥራት አይችልምና።

ዛፉና ዕቃው

ቦንሳይ የጃፓንኛ ቃል ነው። «ቦን» ማለት ዝርግ፣ ገበታ መሰል ዕቃ ሲሆን «ሳይ» ደግሞ መትከል ማለት ነው። ስለዚህ ሸክላው ከስሙ ውስጥ አለ። ዛፉ የቱንም ያህል ቢያምር መሬት ላይ ከተተከለ ቦንሳይ አይባልም። ጥበቡ ከቻይና የተገኘ ቢሆንም ዓለም ያወቀው በጃፓኖቹ ስም ነው። ቅርንጫፉ እየተቆረጠና በሽቦ እየተጠመዘዘ፣ ሥሩም በየጊዜው እየተገረዘ፣ ጫካ ውስጥ ቢሆን ሰማይ ይነካ የነበረ ጥድ ከሰው ጉልበት ሳይዘል አሥርት ዓመታት ይኖራል። መቶ ዓመት ያለፋቸውም አሉ።

የሸክላ ምርጫ የራሱ ሥርዓት አለው። የዕቃው ርዝመት የዛፉን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህል፣ ጥልቀቱ ደግሞ የግንዱን ሥር ውፍረት ያህል ቢሆን ይመረጣል። ጥድና የጥድ ዘመዶች ልባስ በሌለው ቡናማ ወይም ግራጫ ሸክላ ይተከላሉ። አበባ የሚያወጡና ቅጠላቸውን የሚያራግፉት ደግሞ በሙያው ግሌዝ በሚባለው መስታወት መሰል ልባስ የተቀባ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ዕቃ ይሰጣቸዋል። ዛፉ ወጣት ሳለ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት፣ ሲጎለምስ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት አንድ ጊዜ ከሸክላው ወጥቶ ሥሩ ይከረከማል፣ አፈሩም ይለወጣል። ሸክላው የሚለወጠውም በዚሁ ጊዜ ነው። ለማሳደጊያ የሚሆን ርካሽ ዕቃ አለ፣ ለዘወትር የሚሆን አለ፣ ለኤግዚቢሽን ቀን ብቻ የሚወጣም አለ። በ1934 (ቁጥሩ በዚህ ጽሑፍ እንደሚጠቀሱት ሌሎች ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የተጀመረው ኮኩፉ ላይ ዛፉን የሚያቀርብ ሰው ካሉት ሸክላዎች ሁሉ ምርጡን ያወጣል። በዚህ የተነሳ ገበያው የሚጠይቀው የሸክላ ብዛት ከዛፉ ብዛት ይበልጣል። ሸክላ ሠሪው መክበር የነበረበት በዚህ ስሌት ነው።

ከፍሳሽ ቱቦ እስከ ቦንሳይ

የዚህ ሙያ ዋና ከተማ ቶኮናሜ ትባላለች። የምትገኘው በአይቺ ግዛት፣ ከናጎያ በስተደቡብ በቺታ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው። ከ2005 ወዲህ በአውሮፕላን ወደ ናጎያ የሚሄድ መንገደኛ የሚያርፈው በዚችው ከተማ ፊት ለፊት፣ ባሕር ተደልድሎ በተሠራው የሴንትሬየር አየር ማረፊያ ነው። ቶኮናሜ ከጃፓን «ስድስቱ ጥንታዊ ምድጃዎች» አንዷ ስትሆን ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ትልልቅ እንስራና ጋን ስትሠራ ኖራለች። አፈሯ ብረት የበዛበት፣ ደቃቅና ቀይ ነው። በእሳት ሲበስል ጠጣር ይሆናል።

ከተማዋን ሀብታም ያደረጋት ግን ጌጥ አይደለም፤ የፍሳሽ ቱቦ ነው። ጃፓን በሜይጂ ዘመን ከተሞቿንና የባቡር ሐዲዷን ስታዘምን የሸክላ ቱቦ ፈላጊው በዛ፤ ቶኮናሜም ቱቦ አምራች ሆነች። ዛሬ ጎብኚ የሚወጣው አንድ ዳገት አለ፤ ግድግዳው የተገነባው እርስ በርሱ በተደራረበ አሮጌ የሸክላ ቱቦና የመጠጥ ጋን ነው። ገበያ ያጣ ሸቀጥ የቱሪስት መስህብ ሆኖ ሲያበቃ መቼም ማንም አያዝንም። ከከተማዋ የተነሱ የሸክላ ድርጅቶችም ኋላ በግድግዳ ጡብና በመጸዳጃ ቤት ዕቃ ስማቸውን በዓለም ተክለዋል።

የቦንሳይ ሸክላ ወደ ቶኮናሜ የገባው ዘግይቶ ነው። ቀድሞ የጃፓን ባለጸጎች ለዛፋቸው የሚያስመጡት ከቻይና፣ በተለይም በጂያንግሱ አውራጃ ከምትገኘው ዪሺንግ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የቶኮናሜ ሰዎች የዪሺንግን ቅርጽ እያዩ መሥራት ጀመሩ። በዛሬ ቋንቋ ከውጭ የሚገባውን ምርት በአገር ውስጥ መተካት የሚባለው ነው። ተሳካላቸውም። ከጦርነቱ በኋላ፣ በተለይም ቦንሳይ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክና በ1970ው የኦሳካ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለውጭ እንግዳ ከታየ ወዲህ፣ የአገር ውስጥም የውጭም ፈላጊ በረከተ።

ጭቃው ገንዘብ እስኪሆን

አራት ማዕዘን የቦንሳይ ሸክላ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ አምስት ገበታ አገናኝቶ ሳጥን ማበጀት። የሙያው ሰው ግን ከክብ ዕቃ ይልቅ አራት ማዕዘኑን ይፈራል። ክቡ በመሽከርከሪያ ላይ ስለሚነሳ ጭቃው በሁሉም በኩል እኩል ይጠበቃል። አራት ማዕዘኑ ግን ወይ እንደ ሊጥ ተዳምጦ ከተቆረጠ ገበታ ይገጣጠማል፣ ወይ በጀሶ ፎርማ ውስጥ በእጅ እየተጠቀጠቀ ይወጣል። ጭቃው ሲደርቅ ጠርዙ ቀድሞ፣ ወለሉ ዘግይቶ ይደርቃል። ቀድሞ የደረቀው ሌላውን ይስበዋል። በዚያን ጊዜ ረጅሙ ግድግዳ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ወይም ማዕዘኑ ይከፈታል፣ ወይም ወለሉ ይነሳል። ለዚህ ሲባል ዕቃው በጨርቅና በላስቲክ ተሸፍኖ፣ እየተገላበጠ፣ ትልቁ ለሳምንታት በጥላ ይቆያል። ማንም ሊያፋጥነው አይችልም።

ከዚያ መጨማተሩ አለ። እንደ ጭቃው ዓይነት ከአሥር በመቶ በላይ ይቀንሳል። ገዢ 50 ሳንቲ ሜትር ዕቃ ካዘዘና ጭቃው 12 በመቶ የሚቀንስ ከሆነ ሠሪው በእርጥቡ ወደ 57 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መጀመር አለበት። ስሌቱን ቢስት ዛፉ አይገባም፤ ዕቃው ቢያምርም ትዕዛዙ ይመለሳል።

እሳቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚበስለው የእኛ ጀበናና ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ አያልፍም፤ ለእሳት የሚሆነውም በዚያ ምክንያት ነው። የቦንሳይ ሸክላ ጠላት እሳት ሳይሆን ብርድ ነው። ዛፉ ክረምቱን ደጅ ያሳልፋል። ሸክላው ውኃ የሚጠጣ ከሆነ የጠጣው ውኃ በረዶ ሲሆን ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋና ግድግዳውን እንደ ቅርፊት ይልጠዋል። ስለዚህ ጭቃው ቀዳዳው እስኪደፈን መብሰል አለበት። ደግሞም ከመጠን በላይ ቢበስል ይለሰልስና በራሱ ክብደት ይጎብጣል። በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ነው ሠሪው የሚሄደው። የውስጡ ግድግዳ ልባስ አይቀባም፤ ሥር የሚይዘው ሻካራ ነገር ይፈልጋል። ወለሉ ውኃ ቋጥሮ ሥሩን እንዳያበሰብስ ሰፊ ማፍሰሻ ይከፈትለታል፤ ዛፉ ገና ሥር ሳይሰድ ነፋስ እንዳይጥለው ሽቦ የሚያልፍባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎችም ይበሳሉ። ለቀላል የአበባ ዕቃ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የቦንሳይ ሸክላ ነው ብሎ የአበባ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ በየአገሩ ስላለ፣ ገዢ ወለሉን ቢያይ ይጠቀማል።

ሂሳቡን ለማየት ያህል ቁጥር እናስቀምጥ። ቁጥሩ የማንም መዝገብ አይደለም፤ ለስሌት የተወሰደ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው በወር 20 መካከለኛ ሸክላ ቢያበጅና አራቱ በማድረቂያና በእሳት ቢበላሹ፣ 16ቱን ለነጋዴ በ15,000 የን ቢያስረክብ 240,000 የን ያገኛል። በዶላር 150 የን ሂሳብ 1,600 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ጭቃ፣ ልባስ፣ ጋዝና መብራት፣ የማሸጊያ ወጪ ይቀነሳል። ነጋዴው እያንዳንዱን በ30,000 ቢሸጥ ከ16ቱ እርሱም 240,000 የን ያገኛል፤ ግን አንድም አልተሰነጠቀበትም። በዚህ ስሌት ውስጥ ያለው ትልቁ ወጪ ጭቃም ጋዝም አይደለም። የተበላሹት አራቱ ናቸው፤ የነርሱ ጉልበት በ16ቱ ላይ ይከፈላልና። ዕቃው ትልቅ በሆነ ቁጥር የብልሽቱ ድርሻ ያድጋል፣ ምድጃ ውስጥ የሚይዘው ቦታም ይሰፋል። የ60 ሳንቲ ሜትር ሸክላ ዋጋ ከ30ው እጥፍ ሳይሆን ብዙ እጥፍ የሚሆነው በዚህ ነው።

የማይሞት ሸቀጥ

የእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ሥራ የማትፈታው ጀበና ስለሚሰበር ነው። ምጣድም ይሰነጠቃል። ገበያው በየጊዜው ራሱን ያድሳል። የቦንሳይ ሸክላ እንዲህ አይደለም። ባለቤቱ በሁለት እጁ ነው የሚያነሳው፤ ከዛፉ ጋር ለልጁ ያወርሰዋል፣ ወይም ይሸጠዋል። በ1960ዎቹ፣ በ70ዎቹና በ80ዎቹ ጃፓን ገንዘብ በፈሰሰላት ጊዜ ከቶኮናሜ ምድጃዎች የወጡት ሸክላዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከነርሱ ያልተሰበረው ሁሉ ዛሬም ሸቀጥ ነው። በ1989 መጨረሻ ጣራ የነካው የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ በ1990ዎቹ ሲንኮታኮት የባለጸጋው እጅ አጠረ። ከዚያም ሰብሳቢዎቹ አረጁ። አባት ሲሞት ልጅ ዛፉን መንከባከብ ካልፈለገ፣ መጀመሪያ ዛፉ፣ ቀጥሎ መደርደሪያ ሙሉ ሸክላው ለነጋዴ ይጠራል። በጃፓን ይህ ዕቃ ባብዛኛው የሚዞረው ለአባላት ብቻ በሚከፈት የነጋዴዎች ጨረታ ላይ ነው፤ ተራ ገዢ አይገባም።

ታዲያ ሸክላ ሠሪው የሚፎካከረው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ አይደለም። ከአስተማሪው ጋር፣ ከአባቱ ጋር፣ ሠላሳ ዓመት ከቆየም ከራሱ የወጣትነት ሥራ ጋር ነው። አሮጌው ደግሞ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ ወዝ። በውኃ፣ በፀሐይና በእጅ ንክኪ ብዛት የሸክላው ፊት ብርሃኑ ይለዝባል፣ ቀለሙ ይጠልቃል። ጃፓኖቹ «ጂዳይ» ይሉታል፤ ዘመን እንደማለት ነው። አዲስ ሸክላ ላይ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ጥድ መትከል፣ አዛውንት ላይ አዲስ ሱፍ እንደማልበስ ዓይን ይወጋል ባይ ናቸው። ለዚህ ሲሉ አንዳንድ ባለቤቶች አዲስ ሸክላ ገዝተው ለዓመታት ደጅ ያስቀምጡታል። በዘይት እየወለወሉ ዘመን የሚያበድሩም አሉ። ልምድ ያለው ነጋዴ ይህን የሚለየው በሽታና በጥፍር ነው።

ከዚህ ገበያ ታሪክ ሁሉ ልብ የሚነካው የኪዮቶው ሚዙኖ ኪሳቡሮ ነው። በ1890 ተወልዶ በ1970 ያረፈው ይህ ሰው የሚታወቀው ይኖርበት በነበረው ሰፈር ቤተ መቅደስ ስም፣ ሄያን ቶፉኩጂ ተብሎ ነው። ቀድሞ በዚያ ከተማ በትልቅ የጋራ ምድጃ ውስጥ ቦታ እየተከራዩ ማብሰል የተለመደ ነበር፤ እርሱም ድሃ ስለነበር በሰው ምድጃ ጥግ፣ ያገኘውን ጭቃና ያገኘውን ልባስ እየተጠቀመ ሠራ። አብዛኛው ሥራው በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ሸክላ ነው። ልባሱ ከእሳቱ ቦታ ጋር እየተለዋወጠ ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ አልወጣለትም። ዛሬ የእርሱ ማኅተም ያለበት አንዲት ትንሽ ሸክላ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ ለትንሽ ሸክላ ሰብሳቢ ከእርሱ የሚበልጥ ስም የለም። ሐሰተኛ ማኅተም የበዛውም በእርሱ ስም ነው። ሐሰተኛ ሠሪና ነጋዴ ከስሙ ያተረፉትን ያህል እርሱ በዕድሜው አላየውም።

ሕጉም ለሠሪው አይደርስለትም። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ባወጣው መመሪያ አንድ የጥበብ ሥራ በነጋዴ አማካይነት እንደገና ሲሸጥ ከዋጋው ጥቂት በመቶ ለሠሪው ወይም ለወራሾቹ እንዲሰጥ ወስኗል፤ በመመሪያው ከተዘረዘሩት ሥራዎች ውስጥ ሸክላ በስሙ ተጠቅሷል። የዋጋ ወለል ስላለው ተራው ዕቃ አይነካም እንጂ ውዱን ይመለከታል። ጃፓን ግን እንዲህ ያለ ሕግ የላትም። ሸክላው አሥር ጊዜ ቢሸጥ ሠሪው የሚያገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ያወቀ፣ ያቆየና የገዛ ስለሆነ ትርፉ ይገባዋል። ነገር ግን የስሙ ዋጋ በእያንዳንዱ ሽያጭ ሲጨምር አንዲት ሳንቲም ወደ ምድጃው የማትመለስ ከሆነ፣ ነጋዴው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሸጠውን «አሮጌ» ዛሬ ማን ይሠራለታል የሚለው ጥያቄ የራሱ የነጋዴው ጥያቄ ይሆናል።

መንገዱ ሲገለበጥ

በገበያው አናት ላይ ያሉት የቻይና ጥንታዊ ሸክላዎች ናቸው። ጃፓኖቹ ባሕር በተሻገሩበት ጊዜ ይከፋፍሏቸዋል፤ ቀድመው የተሻገሩት «ኮዋታሪ»፣ በመካከል የመጡት «ናካዋታሪ»፣ ኋላ የደረሱት «ሺንቶ» ይባላሉ። የታወቀ ኮዋታሪ በአሥር ሺዎች ዶላር ሊጠየቅበት ይችላል። ቻይና ከበለጸገች ወዲህ አዲሶቹ የቻይና ባለሀብቶች አያቶቻቸው የሸጡትን ከጃፓን መልሰው መግዛት ጀመሩ። ዕቃው በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ደላላው በሁለቱም ጉዞ ኮሚሽኑን ወሰደ። በታችኛው የገበያ ወለል ደግሞ ይኸው ቻይና በብዛት የምታመርተው የፎርማ ሸክላ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። የቶኮናሜ ሠሪ በአናትና በወለሉ መካከል ተጣብቋል፤ ከላይ በዘመን አይደርስበትም፣ ከታች በዋጋ አይወርድም።

ወደ ውጭ የሚላከው ዕቃ ግን አንድ ያልተጠበቀ አጋዥ አለው፤ የእጽዋት ኳራንቲን። የጃፓን ቦንሳይ ዛፍ ወደ አውሮፓ ኅብረት ወይም ወደ አሜሪካ ለመግባት ቢያንስ ሁለት ዓመት በተመዘገበ ማሳደጊያ በቁጥጥር ሥር መቆየት አለበት። ወደ አሜሪካ የሚገባው ደግሞ ሥሩ ከአፈር ነጽቶ ነው። ዛፉ ያለ ሸክላው ይሄዳል ማለት ነው። ባዶ ንጹሕ ሸክላ ግን ሴራሚክ ነው፤ ነፍሳትና በሽታ የሚፈራበት የለም፣ እንደማንኛውም ዕቃ በካርቶን ታሽጎ ይጫናል። ስለዚህ የውጭው ገዢ ዛፉን ባገሩ አሳድጎ የጃፓንን ሸክላ ለብቻው ያዛል። የሚያስቸግረው ክብደቱና መሰበሩ ነው። ትልቅ ሸክላ ብቻውን ከአሥር ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በአየር ቢላክ የማጓጓዣው ዋጋ የዕቃውን ሊያክል ይችላል። ብልህ አስመጪ ትንንሹን በትልቁ ሆድ ውስጥ ደራርቦ በመርከብ ያስጭናል።

የምንዛሪውም ነገር አለ። በ2012 አንድ ዶላር 80 የን ገደማ ነበር። በ2024 ከ160 የን አለፈ፤ ከ1986 ወዲህ ያልታየ ነው። በየን ዋጋው 60,000 የሆነ ሸክላ በመጀመሪያው ምንዛሪ 750 ዶላር፣ በሁለተኛው 375 ዶላር ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ ገዢ በግማሽ ዋጋ ያነሳው መሰለው። ሠሪው ግን የተቀበለው ያንኑ 60,000 የን፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ለምድጃው የሚያቃጥለው ጋዝ ደግሞ ጃፓን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ከውጭ በዶላር የምታስገባው ነው። የየኑ መውረድ ለላኪው በረከት፣ ለምድጃው እዳ ሆነ።

ምድጃው ማን ይረከበው?

መንግሥት ቶኮናሜን አልረሳትም። ሙያዋ በ1976 በባህላዊ ዕደ ጥበብ ተመዝግቧል፤ በ2017 ከሌሎቹ አምስት ጥንታዊ ምድጃዎች ጋር የጃፓን ቅርስ ተብላለች። በ1887 ዳገት ላይ የተሠራው ስምንት ክፍልና አሥር ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ፣ ለመጨረሻ ጊዜ እሳት ያየው በ1974 ቢሆንም፣ ዛሬ በቅርስነት ይጠበቃል። ለጎብኚ ፎቶግራፍ ያምራል። ምዝገባውና ቅርሱ ግን ገዢ አያመጡም። የከተማዋ ወጣት ሸክላ መሥራት ቢወድ እንኳ የሻይ ማፍያ ወይም የመመገቢያ ሳህን መሥራት ይቀለዋል፤ ይሰበራል፣ ደግሞ ይገዛል፣ ቱሪስትም በቦርሳው ይዞት ይሄዳል። የቦንሳይ ሸክላ ለመልመድ ዓመታት፣ ትልቅ ምድጃ፣ ብርቱ ወገብና ትዕግሥተኛ ደንበኛ ያስፈልጋል። ስማቸው የተጠራ ሠሪዎች አርጅተዋል፤ አንዳንዱ ምድጃ ተረካቢ ሳያገኝ ተዘግቷል፣ የጀሶ ፎርማዎቹም መደርደሪያ ላይ ቀርተዋል።

በሌላ በኩል በአሜሪካና በአውሮፓ የየራሳቸውን ማኅተም የሚመቱ የቦንሳይ ሸክላ ሠሪዎች ተነስተዋል። የጃፓንን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ አይከተሉም፤ ጠርዙ የተቆራረጠ፣ ድንጋይ የሚመስል ዕቃ ያወጣሉ። ብዙዎቹ ለነጋዴ ሳያስረክቡ በቀጥታ ለገዢ ስለሚሸጡ ቶኮናሜ ለደላላ የሚሄደውን ግማሽ በእጃቸው ያስቀራሉ። ትዕዛዝ የሚቀበሉት ወረፋ ይዘው ነው። የቶኮናሜ ጥቂት ወጣቶችም ይህንኑ መንገድ ይዘው ፎቶግራፍ በኢንተርኔት እየለጠፉ በእንግሊዝኛ ዋጋ መጥራት ጀምረዋል። የቆዩት ነጋዴዎች አልወደዱላቸውም።

ነጋዴው የሚጨነቅበት ዕቃ ግን አንድ ነው፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነው ትልቁ አራት ማዕዘን። ትንሹን የሚሠራ በየአገሩ ይገኛል፤ ትልቁን ሳይጣመም የሚያወጣ እጅ ግን እየቀነሰ ነው። ታላላቅ ጥድ ያላቸው ማሳደጊያዎች በትዕዛዝ ከማሠራት ይልቅ የሞተ ሰብሳቢ ንብረት ለጨረታ የሚወጣበትን ቀን ይጠብቃሉ። ያን ቀን ሸክላው በሁለት ሰው ተነስቶ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ በጥንቃቄ ይገለበጣል፣ ነጋዴዎቹም ተራ በተራ ጎንበስ ብለው ማኅተሙን ያነባሉ።